ጣልያኗን ቀናተኛ ያደረግኳት እኔ ነኝ

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ልበለውና ልገላገል። ከሃምሳ በላይ ፊልም የሠራችው ጣልያናዊት ተዋናይ ፊያሜታ ቦርሊ፣ እዚሁ ኦክላንድ፣ ሰው ግጥም ባለበት አዳራሽ ውስጥ፣ የገዛ ፊልሟን ከእኔ አፍ ሰምታ «ከእኛው ያንተ ይሻላል» ብላኛለች። ደግሞ በማይክ ነው ያለችው።

አያችሁ? ከወዲሁ ፈገግ አላችሁ።

ታምራት እባላለሁ። ቴሜስካል የሚባል ሰፈር አጠገብ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ትምህርትን ስምንተኛ ክፍል ላይ እኔ ነኝ ያባረርኩት፤ እሱ አላባረረኝም። ከዚያ በኋላ ያወቅኩትን ሁሉ፣ ሞተር ማውረድም ሆነ እንግሊዝኛ፣ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አስተማሪውም ተማሪውም ጎበዝ ስለነበሩ ብዙ አልተቸገርንም።

ነገሩ የሚጀምረው አዲስ አበባ፣ ያደግኩበት ጎጃም በረንዳ ነው። ያኔ ቪዲዮ ቤት የሚባል ነገር ነበር። ለማታውቁት፦ አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻ፣ አግዳሚ ወንበሮችና ጫማውን ያወለቀ ሕዝብ። እኔ የምሠራው ደግሞ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ነበር። ሰውየው ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ አንድ ካርቶን ካሴት ትቶልኝ ሄደ። ከፍቼ ሳየው ከላይ እስከ ታች የአንዲት ሴት ፊልም ነው። ፈረስ ላይ ፊያሜታ፣ ሞተር ሳይክል ላይ ፊያሜታ፣ ዝናብ ውስጥ ፊያሜታ። ሽማግሌው ለካ ስንት ዘመን ብቻውን ሲያያት ኖሯል።

ካርቶኑን ለቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ለጋሽ ዘለቀ ወሰድኩለት። ችግሩ፣ ፊልሞቹ በጣልያንኛ ናቸው፤ ከስር ጽሑፍ የላቸውም።

«አንተ ከጣልያን ጋር አይደል የምትሠራው? ቋንቋቸውን ትችላለህ?» አለኝ።

«እንደ ውሃ ነው የምጠጣው!» አልኩት።

የምችለው ጣልያንኛ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ ነው። ከመኪና ኮፈን ስር ወጥቶ የማያውቅ ጣልያንኛ። ጋሽ ዘለቀ ግን አመነኝና ዱላ ሰጠኝ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ፣ በዱላው ሰዎቹን እያሳየሁ መተርጎም ጀመርኩ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ፊያሜታ በየፊልሙ ወንድ ትከተላለች። ምሰሶ ጀርባ ተደብቃ ታያለች፣ ጋዜጣ ፊቷ ላይ ዘርግታ ታያለች፣ መኪና ውስጥ መብራት አጥፍታ ታያለች። ሴት ወንድን እንዲህ የምትከታተለው ለምንድነው? ጎጃም በረንዳ ውስጥ መልሱ አንድ ነው። «ይቺ ቀናተኛ ሚስቱ ናት!» አልኩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ካርቶኑ ውስጥ ባለው ፊልም ሁሉ ፊያሜታን ቀናተኛ ሚስት አድርጌ ጨረስኩ። ሽጉጥ ያወጣች ቀን እንኳ «እንግዲህ በዛባት» ብዬ አለፍኩት።

ከተመልካቾቼ መሀል ጽጌ ነበረች። የዛሬዋ ባለቤቴ። ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ ከጎኗ ደግሞ ሁልጊዜ ሰለሞን አለ። ሰለሞን ማለት የክፍሉ አንደኛ፣ እጁ ግሪስ ነክቶ የማያውቅ የሰፈራችን ልጅ ነው። ደብተሩን ያውሳታል። እኔ የማውሰው ደብተር የለኝም፤ ያለኝ ዱላና ምላስ ነው።

አንድ ቀን የባቡር ጣቢያውን ፊልም ከፈትን። መጨረሻው ላይ ሰውየው የፊያሜታን ሁለት እጆች ይዞ ረጅም ነገር ያወራታል፤ እሷ ታለቅሳለች። ልክ እዚያች ላይ ሰለሞን ወደ ጽጌ ጆሮ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ሲያንሾካሹክላት አየሁ። እሷም ሳቅ አለች። ደሜ ፈላ! ዱላውን ስክሪኑ ላይ ቀስሬ፣ ዓይኔን ጽጌ ላይ ተክዬ እንዲህ አልኩ፦

«ስትከታተይኝ የምናደድ ይመስልሻል። አልናደድም። እኔን ብሎ የሚከተል ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር። ዘወር ስል አንቺ ከኋላዬ ከሌለሽ፣ የምሄድበት ራሱ ይጠፋኛል።»

ሰለሞን ማንሾካሾኩን አቆመ። ጽጌ ስክሪኑን ትታ እኔን አየች። ከዚያ ብዙም ሳንቆይ ተጋባን።

የሠርጋችን ሰሞን ታዲያ ጠየቀችኝ። «ታሜ፣ ያ ባቡር ጣቢያው ላይ ያልከው ነገር፣ ሰውየው ነው ያላት ወይስ አንተ ነህ ያልከው?»

ትክክለኛውን መልስ እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን በሰፈሩ ጣልያንኛ አዋቂ ተብዬ የተከበርኩ ሰው ነኝ። «ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት! አንድ ፊደል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ!» አልኳት። ፊቷ መብራት እንደሄደበት ቤት ሆነ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጽጌ በፊያሜታ ትቀናለች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ለሷ የተነገረ የመሰላት ነገር ለካ ለሌላ ሴት የተነገረ ነው። ዲቪ ደርሶን ኦክላንድ ገባን፣ እሷ ኤመሪቪል የሆስፒታል ቢሊንግ የሚሠራ ኦፊስ ተቀጠረች፣ ልጃችን ሳሮን ተወልዳ ኮሌጅ ጨረሰች፤ ቅናቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሸሚዝ ሳይተኮስ ከቀረ «ጣልያኗ ትተኩስልህ» ነው። አምሽቼ ከገባሁ «ባቡሩ ዘገየ?» ነው። ልደቷን የረሳሁ ጊዜ «የፊያሜታን እኮ አትረሳም» አለችኝ። የፊያሜታን ልደት ከየት አባቴ አውቄ!

እኔስ? ልንገራችሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሚስቱ በፊልም ተዋናይ የምትቀናበት መካኒክ በመላው ቤይ ኤሪያ ስንት አለ? በየሠርጉ፣ በየምርቃቱ አወራዋለሁ። የቸርቻችን ሰው ሁሉ ፊያሜታን እንደ ዘመዴ ያውቃታል።

ባለፈው ዓመት ነው፤ ሳሮን ስልኳን ይዛ ኪችን ገባች።

«ዳዲ፣ ዌይት። ኢዝ ዚስ ዩር ኢታሊያን ሌዲ?»

ሌክ ሜሪት አካባቢ ያለ አንድ ሲኒማ ቤት የፊያሜታን የድሮ ፊልሞች ሊያሳይ ነው። መዝጊያው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ያው የባቡር ጣቢያው ፊልም። ከፊልሙ በኋላ ተዋናይዋ ራሷ መድረክ ላይ ወጥታ ጥያቄ ትመልሳለች!

«ቲኬት ያዢልን! ለሁላችንም!» ብዬ ጮህኩ።

ጽጌ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ሰብታይትል አለው?» አለች።

«ያ፣ ኢንግሊሽ» አለች ሳሮን።

ጽጌ ቢላዋውን አስቀመጠችው። «ጥሩ። ሰውየው ምን እንዳላት በዓይኔ አነበዋለሁ። ያንን ብሏት ከሆነ፣ ታሜ፣ ሁለተኛ ስለዚህች ሴት ቤቴ ውስጥ አንድ ቃል አልሰማም። ያቺን አባባልም ሁለተኛ ከአፍህ እንዳልሰማት፤ የሰው ናት።»

«ባይላትስ?»

«ባይላትማ ይህን ሁሉ ዘመን በከንቱ አስቀንተኸኛል። እሱን ደግሞ ያኔ እናየዋለን።»

ቢልም ጉዴ፣ ባይልም ጉዴ። የሚብሰውስ? ሰውየው ምን እንዳላት እኔም አላውቅማ! በአጋጣሚ ያንኑ ብሏት ቢሆንስ? ወይ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ቆንጆ ነገር ተናግሮ ቢሆንስ? እንቅልፍ አጣሁ። በአንድ የፊልም ሰውዬ፣ ያውም ጺሙ በተንጨባረረ፣ እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በዚህ ላይ ስልክ ተደወለ።

«ታምሬ! ሰለሞን ነኝ፣ የሳን ሆዜው።»

ሰለሞን ጣልያን አገር ስኮላርሺፕ አግኝቶ፣ ቶሪኖ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ አሁን ሳን ሆዜ ቴክ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሚስቱን ከፈታ ወዲህ ጂም ጀምሯል። ጸጉሩ አንድም አልጎደለም። ለምን እንደማይጎድል ፈጣሪ ይወቅ።

«ጉድህን ስማ» አለኝ፣ «ለፊያሜታ ቦርሊ አስተርጓሚ ቮለንቲር ሲፈልጉ ተመዘገብኩ። እኔ ነኝ የማስተረጉምላት! ቅዳሜ ስመጣ ፒክ አደርጋችኋለሁ። ጽግዬስ ደህና ናት?»

ጽግዬ! እኔ ራሴ «ጽግዬ» የምላት ይቅርታ ስጠይቅ ብቻ ነው።

ቅዳሜ መጣ። ሰለሞን ኮቱን ለብሶ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ገባ። ለጽጌ አበባ ይዞላታል። ውጭ የቆመው መኪናው ኤሌክትሪክ ነው፤ ዘይት የለው፣ ማርሚታ የለው፣ ድምፅ የለው። ሰው እንዲህ ዓይነት መኪና የሚይዘው መካኒክን ለማናደድ ካልሆነ ለምን ይመስላችኋል? የፊቱን በር ከፍቼ ልገባ ስል፦

«ታምሬ፣ ጽግዬ ፊት ትቀመጥ። ኋላ ስትቀመጥ ያማት የለ?» አለኝ።

ቀጥ አልኩ። እውነቱን ነው። ጽጌ ከልጅነቷ ጀምሮ መኪና ኋላ ከተቀመጠች ያጥወለውላታል። የጋራዥ ባለቤት አግብታ ሁልጊዜ ፊት ስለምትቀመጥ እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ ግን አልረሳም! ያን ሁሉ ዓመት ቶሪኖ ምን ሲያጠና ነበር?

ከሳሮን ጋር ኋላ ተኮራመትኩ። ፊት እነሱ ያወራሉ።

«ያኔ ስታንሾካሹክልኝ ምን ነበር ያልከኝ? ረሳሁት» አለችው ጽጌ እየሳቀች።

«'ይሄ ልጅ አንድ ቃል ጣልያንኛ አይችልም' ነዋ!» አለና በመስታወቱ አየኝ። «ዛሬ እንሰማለን፣ አይደል ታምሬ?»

«ዳዲ፣ አር ዩ ኦኬይ? ዩር ፌስ ኢዝ ሬድ» አለችኝ ሳሮን።

«ሙቀት ነው» አልኩ። ኤሲው እስከ አጥንቴ ይገባል።

አዳራሹ ሙሉ ነው። ነጭ ሽማግሌዎች፣ የፊልም ተማሪዎች፤ ከኋላችን ደግሞ ሙሉ ረድፍ የቸርቻችን ሰው። ጽጌ ናት ግሩፑ ላይ የለጠፈችው። ሰለሞን ወደ መድረኩ ጓዳ ሄደ፤ እኛ መሀል ላይ ተቀመጥን። መብራት ጠፋ። ፊያሜታ ስክሪኑ ላይ ወጣች፣ ያው ምሰሶ ጀርባ፣ ያው ዓይን። ያደግኩበት ሰፈር ሸተተኝ። ከዚያ ነጩ ጽሑፍ ከስር መጣ።

ፊያሜታ የሰውየው ሚስት አይደለችም። የጉምሩክ ሠራተኛ ናት።

ሰውየው የሲጋራ ኮንትሮባንዲስት ነው። በየምሰሶው የምትደበቀው ዕቃውን የት እንደሚያራግፍ ለማየት ነው። እኔ «እራት ላይ ከማን ጋር እንደበላህ ንገረኝ!» ያስባልኳት ቦታ ላይ፣ «የጭነት ደረሰኝ የታለ?» ነው የምትለው።

ከኋላዬ እትዬ አስቴር፣ የቸርቻችን እናት፣ ጎንበስ አሉና «ታምራት፣ ሚስቱ ናት ብለኸን አልነበር?» አሉኝ። ረድፉ በሙሉ ፍርስ አለ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ጽጌ ግን አልሳቀችም። ጽሑፉን እያንዳንዱን እያነበበች፣ ሁለት እጇን ቦርሳዋ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

ባቡር ጣቢያው ደረሰ። ሰውየው ሁለት እጇን ያዘ። ፈጣሪዬ፣ ብቻ ያንን አይበላት፣ አልኩ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ጽሑፉ መጣ፦

«ሲጋራው ወፍጮ ቤቱ ስር ነው። ሳጥኖቹን ዝናብ ሳይነካቸው አውጧቸው። ለእናቴ ግን እንዳትነግሪያት።»

በቃ! ያ ሁሉ እጅ መያዝ፣ ያ ሁሉ ማልቀስ ለሲጋራ ሳጥን ነው!

ወደ ጽጌ ዘወር አልኩ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ጽግዬ» አልኳት። ብድግ አለች፣ የሰዉን ጉልበት እየረገጠች ወጣች፣ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ልከተላት ስነሳ መብራት በራ፤ ጭብጨባ ሆነ። ሰው ሁሉ ቆሞ መውጫ የለም። ሰለሞን ከጓዳ ወጥቶ መድረኩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ባዶው ወንበር ላይ ነው።

ከጎኑ ሲኞራ ፊያሜታ ወጡ። አዎ፣ «ወጡ»። ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንቺ እላት የነበረችው ሴት ሰማንያን የተጠጉ እናት ናቸው፤ ከዘራ ይዘዋል፣ ትከሻዬ ላይ አይደርሱም። ዓይናቸው ብቻ ያው የድሮው ነው። አንቺ የሚለው ቃል አፌ ላይ ቀረ።

ስለ ሥራቸው አወሩ። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው፣ ልብስ ሰፊ ቤት ሲላኩ አንድ ሰው መንገድ ላይ አይቷቸው ነው ፊልም የገቡት። መጨረሻው ላይ ለምን እንዳለቀሱ አንዱ ጠየቃቸው። «ዳይሬክተሩ 'አልቅሺ' አለኝ። 'ለምን?' ስለው፣ 'ፊልሙ እያለቀ ነው' አለኝ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ በሩን ነው የማየው።

አንዲት ተማሪ ተነስታ፣ «ፈልገው ያላገኙት ሮል አለ?» አለቻቸው።

ሲኞራ በጣልያንኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ ሰለሞን ተረጎመ። «ቀናተኛ ሴት መሆን እፈልግ ነበር። ፖሊስ ሆኛለሁ፣ ሰላይ ሆኛለሁ፣ መነኩሲት ሆኛለሁ። ዳይሬክተሮቹ 'ያንቺ ፊት ሰው ይመረምራል እንጂ አይቀናም' ይሉኝ ነበር። ያቺን ሮል ለጓደኞቼ ሲሰጡ እኔ እቀና ነበር። አሁን የሚሰጡኝ ሴት አያት ብቻ ነው፤ ሴት አያት ደግሞ እንድትቀና ማንም አይጽፍላትም።»

ተርጉሞ ሲጨርስ ሰለሞን እኔን አየኝና ያቺን የክፍል አንደኛ ፈገግታውን ፈገግ አለ። ወደ ሲኞራ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አወራቸው። ወደ እኔ በጣቱ ጠቆመ። ከኋላ ያለው የቸርች ሰው «አዎ! አዎ! እሱ ነው!» እያለ ገፋኝ።

«ወደዚህ ና ይሉሃል» አለኝ ሰለሞን በማይክ፣ በአማርኛ። «በስንት ፊልም ቀናተኛ እንዳደረግካቸው ማወቅ ይፈልጋሉ።»

ሊያዋርደኝ ነው የጠራኝ። ገብቶኛል። ግን እኔ ሕዝብ ፊት ተጠርቼ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ወጣሁ።

«በሁሉም» አልኳቸው። «ካርቶኑ ውስጥ በነበረው ሁሉ።»

ሰለሞን ሲነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ በከዘራቸው ስክሪኑን እየጠቆሙ አንድ ነገር አዘዙ። የባቡር ጣቢያው ቦታ ያለ ድምፅ እንደገና ተከፈተ።

«ተርጉምልኝ ይሉሃል። እንደ ድሮው» አለኝ ሰለሞን።

«ዱላ ያስፈልገኛል።»

ሲኞራ ሳያቅማሙ ከዘራቸውን ሰጡኝ፤ እሳቸው የሰለሞንን ክንድ ያዙ።

ከዘራውን አነሳሁ። ሰውየው እጇን ያዘ። አፌን ከፈትኩ፤ ባዶውን ወንበር አየሁት፤ ቃሉ ጠፋ። እኔ ታምራት ቃል ጠፋኝ! ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። በዚህ ጊዜ ጥግ ላይ ያለው በር ገርበብ አለ። ጽጌ ናት። ናፕኪን ዓይኗ ላይ ይዛ በሩን ተደግፋ ቆመች፤ ወደ ውስጥ አልገባችም።

«ስትከታተይኝ የምናደድ ይመስልሻል» አልኩ። «አልናደድም። እኔን ብሎ የሚከተል ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር። ዘወር ስል አንቺ ከኋላዬ ከሌለሽ፣ የምሄድበት ራሱ ይጠፋኛል።»

አዳራሹ አልገባውም፤ አማርኛ ነው። የእኛ ረድፍ ግን ገብቶታል። ሁሉም ሰለሞንን ይጠብቃል። ሰለሞን ማይኩን ወደ አፉ አላስጠጋም። እሱም በሩን አይቷል።

«ተርጉም እንጂ» አልኩት።

ተረጎመ። መጀመሪያ በጣልያንኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። አንድ ቃል አልጎደለም፤ ሳሮን በኋላ አረጋግጣልኛለች። ሲጨርስ ድምፁ ትንሽ ሻከር ብሎ ነበር። ልክደው አልችልም፣ የዚያን ጊዜ አዘንኩለት። ትንሽ።

ሲኞራ ፊያሜታ ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጠየቁኝ። «ይሄ ሰውዬ ይህን ብሎኛል?»

ልምዴን ታውቃላችሁ፤ «ቃል በቃል!» ልል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ጽጌ ናፕኪኑን ዝቅ አደረገች።

«አይ ሲኞራ። እሱ ሲጋራ ነው ያወራዎት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያኔም እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለእርስዎም አልነበረም። እዚያ በር ላይ ለቆመችው ሴት ነው።»

ሰለሞን ሲተረጉም አዳራሹ በሙሉ ወደ በሩ ዞረ። ሲኞራ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ ብርሃኑን ከልለው ጽጌን አዩዋት። ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ቅንድባቸው ወጣ፣ ከንፈራቸው ጠበበ፣ አገጫቸው ቀና አለ። እመኑኝ፣ ቀኑ! አዳራሹ አይቶ በጭብጨባ ፈነዳ። ማይኩን ከሰለሞን ነጥቀው በእንግሊዝኛ፣ በራሳቸው፦

«ከእኛው ያንተ ይሻላል» አሉ።

ከዘራውን መልሼ ሮጥኩ። ጽጌ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ትስቃለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እያለቀስሽ ነው የወጣሽው ብዬ ሞቼልሻለሁ!»

«ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነው። ታሜ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የቀናሁት በጉምሩክ ሠራተኛ ነው?» አለች። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ያኔ ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጣልያንኛ አይችልም እንዳትይኝ ነዋ።»

«አንተ! ጣልያንኛ እንደማትችልማ መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩት። ፈረሱ ሲያሽካካ ራሱ ተርጉመሃል እኮ!»

«ታዲያ ለምን ቀናሽ?»

«ሌላውን ሁሉ ስትቀባጥር አውቅብሃለሁ። ያቺን ብቻ ነው 'የሰውየው ናት' ብለህ የማልክልኝ።»

የምለው አጣሁ። በአንድ ቀን ሁለቴ።

ስንመለስ ሰለሞን እንደገና የፊቱን በር ከፈተላት። ጽጌ አመሰገነችውና የኋላውን ከፍታ ከጎኔ ተቀመጠች። «ያምሽ የለ እንዴ?» አላት። «ቢያመኝ ምን ይሆናል» አለችው። ሳሮንም ከኛው ጋር ተጠጋጋች። ሰለሞን ፊት ብቻውን፣ እንደ ታክሲ ሹፌር። ሌክ ሜሪትን ሳንዞር ጽጌ አረንጓዴ ሆነች። መስኮት ከፈትንላት፣ ግንባሯን ያዝኩላት፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ ሰው ሲያጥወለውለው አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ጽጌ አትቀናም። «ጣልያኗ ትተኩስልህ» ቀረ። አምሽቼ ብገባ «እራትህ ማይክሮዌቭ ውስጥ ነው» ትለኛለች፣ በቃ። መጀመሪያ ሰላም አገኘሁ ብዬ ነበር። ቆይቶ ሳስበው ግን ቤቱ ጭር አለብኝ። ለካ ያን ሁሉ ዘመን እውነቱን ያልነገርኳት ለጣልያንኛዬ ክብር ብቻ አልነበረም። ሲቀኑብኝ ይሞቀኝ ነበር። እሷ በብርዱ ስትቆይ እኔ እሞቅ ነበር። ይህ የገባኝ ራሴ በዚያ ድምፅ የለሽ መኪና ኋላ ተቀምጬ ስቀዘቅዝ ነው። ቅናት የሚያምረው የሚቀናብህ ሌላው ሲሆን ነው ጎበዝ፤ አንተ ላይ ሲደርስ ሆድ ይቆርጣል።

ስለዚህ ሚስት ያላችሁ፣ ባል ያላችሁ፣ አንድ ቀን የተናገራችሁት ጥሩ ነገር ካለ «የእኔ ነው፣ ላንቺ ነው ያልኩት» በሉ። ለሌላ ሰው አታሸክሙት። እኔ ለሲጋራ ነጋዴ አሸክሜው ስንት ዘመን ከሰርኩ።

አሁን እኔ ነኝ ዘወር ዘወር የምለው። ስልኳ ሲጮህ ማነው እላለሁ። ሳን ሆዜ ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። እሷ ደግሞ አይታኝ ትስቃለች፤ ደስ ይላታል። ተራዋ ነው፣ ትሙቅ።

ይኸው ነገርኳችሁ። አላመናችሁም፣ አይደል? ችግር የለም፤ ኦክላንድ ኑ። እትዬ አስቴርን ጠይቁ፣ ከኋላዬ ነበሩ፣ አይዋሹም። ሳሮንን ጠይቋት፣ በእንግሊዝኛ ትመልስላችኋለች። ጽጌን ጠይቋት፣ ፈረሱን ጨምራ ትነግራችኋለች። ሰለሞንንም ጠይቁት፤ ራሱ ነው የተረጎመው፣ አይክድም። ብቻ እሱን ስትጠይቁት ጽጌ በሌለችበት ይሁን።